የተጠረጠረው የእጅ ሰዓት

ካሲዮ ካሲዮትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የእጅ ሰዓቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ከዚያ ወዲህ ካወጣቸው ሞዴሎች መካከል ክስ ፋይል ውስጥ የገባው ግን ከርካሾቹ አንዱ፣ በ1989 የወጣው ኤፍ-91ደብሊው ነው።

ሪዩሱኬ ሞሪያይ በካሲዮ ቤት መጀመሪያ የነደፈው ሰዓት ይህ ነበር። ክብደቱ 21 ግራም፣ ውፍረቱ 8.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ባትሪ 7 ዓመት ገደማ ያቆየዋል፤ በወር ቢቀድም ቢዘገይ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም። ማንቂያ ደወልና ስቶፕዎች አለው፤ በየሰዓቱም ጢጥ ይላል። ዝናብ ቢመታው ግድ የለውም፣ ለዋና ግን አልተሠራም።

መዘዙን ያመጡበት እነዚሁ መልካም ጠባዮቹ ናቸው።

በታኅሣሥ 1994 ራምዚ ዩሱፍ በፊሊፒንስ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ባጠመደው ቦምብ አንድ ተሳፋሪ ሲሞት፣ ጊዜ ቆጣሪው የካሲዮ ዲጂታል ሰዓት ነበር። በታኅሣሥ 1999ም ከካናዳ ወደ አሜሪካ ሲሻገር በተያዘው በአህመድ ረሳም መኪና ውስጥ ከፈንጂው ጋር የካሲዮ ሰዓቶች ተገኙ። የአሜሪካ መርማሪዎች ይህን አልረሱም። በ2002 የጓንታናሞ እስር ቤት ተከፍቶ ኋላ ላይ ታሳሪዎች ወታደራዊ ጉባኤ ፊት ሲቀርቡ፣ የአንዳንዶቹ ክስ ላይ የእጅ ሰዓታቸው ሞዴል እንደ ማስረጃ ሰፍሮ ተገኘ።

በ2011 በዊኪሊክስ በኩል የወጣው የእስር ቤቱ ወታደራዊ ግብረ ኃይል ሰነድ ኤፍ-91ደብሊውንና ብርማ ወንድሙን ኤ159ደብሊውን የአልቃይዳ ምልክት ይላቸዋል። ምክንያቱ ሰዓቶቹ በአፍጋኒስታን ለቦምብ ሠልጣኞች ይታደሉ ነበር የሚል ነው። ታሳሪዎቹ በበኩላቸው ይህ ሰዓት ሚሊዮኖች የሚያስሩት ነው ብለው ተከራከሩ። አንድ የኩዌት ተወላጅማ እዚያው እስር ቤት ያሉት የሠራዊቱ አራት የሃይማኖት አገልጋዮች ሁሉ ይህንኑ ሰዓት እንደሚያስሩ ለጉባኤው ተናገረ።

የሚገርመው፣ ክሱን የሚያዳክመው ራሱ የከሳሾቹ ሰነድ ነው። ሰዓቱን ይዘው ከተያዙት መካከል ከፈንጂ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የታወቀው አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደሆኑ ይገልጻል። ያውም ግንኙነት የተባለው ፈንጂ ከሚያውቅ ሰው ጋር መተዋወቅን ይጨምራል። የቀሩት ሁለት ሦስተኛዎቹስ? ለእነሱ ሰዓቱ ሰዓት ብቻ ነበር ማለት ነው። በየሱቁ የሚሸጥ ዕቃ በሰው ላይ ምስክር ሆኖ መቆሙ ከመጀመሪያውም አያስኬድም ነበር።

በጓንታናሞ ካለፉት 780 ያህል ታሳሪዎች በጥር 2025 የቀሩት 15 ብቻ ነበሩ።

ሰዓቱ ዛሬም መልኩን ሳይለውጥ ይመረታል። አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። የቀኝ አዝራሩ ለ3 ሰከንድ ያህል ሲጫን እውነተኛው በመስኮቱ ላይ የካሲዮን ስም ያወጣል፤ አሁን ግን ይህንንም የሚኮርጁ ስላሉ በዚህ ብቻ አምኖ መግዛት አያዋጣም። የቀን መቁጠሪያውም ፌብሩዋሪን ሁልጊዜ 28 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ባለቤቶቹ በ2028 ፌብሩዋሪ 29 ሲደርስ ቀኑን በእጃቸው ማስተካከል ይኖርባቸዋል።