ኅብረት ሱቅና የጫጫ ገበሬ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ጫጫ ትገኛለች። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ዙሪያዋ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። ዛሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች የግል ናቸው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ከፈለገው ገብቶ የፈለገውን ይገዛል። በደርግ ዘመን ግን እንደ ጫጫ ባሉ ከተሞች ስኳር በመንግሥት ዋጋ የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ብቻ ነበር።

በሌላው ዓለም ታላላቅ የመደብር ሰንሰለቶች የወደቁት ደንበኛ ሲሸሻቸው ነው። የእንግሊዙ ዉልዎርዝ መቶኛ ዓመቱን ለማክበር ጥቂት ሲቀረው፣ በ2001 ዓ.ም. ከ800 በላይ መደብሮቹን ዘጋ። የአሜሪካው ሲርስም በ2011 ዓ.ም. ለኪሳራ ፍርድ ቤት እጁን ሰጠ። የእኛው ኅብረት ሱቅ አወዳደቅ ከዚህ ይለያል፤ ደንበኛው ወዴትም መሄጃ አልነበረውምና።

የኅብረት ሱቅ ነገር የተጀመረው በአብዮቱ ማግስት ነው። ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀ፤ ኅብረት ሱቆቹም የተከፈቱት በእነዚሁ ቀበሌዎች ሥር ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን በአንድ ፈቃድ ብቻ ወሰነው፤ የቸርቻሪው ካፒታልም ከ200,000 ብር እንዳያልፍ ከለከለ። በገጠር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 71/1968 ከ3 እስከ 10 የሚሆኑ የገበሬ ማኅበራት ተባብረው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። እነዚህ ማኅበራት ከፈቷቸው ሱቆች ገበሬው ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ነጭ ጋዝና አቡጀዲ ይገዛ ነበር።

የከተማው ነዋሪ የራሽን ደብተር ነበረው። የቤተሰቡ ቁጥር በደብተሩ ላይ ይሰፍራል፣ ኮታው በዚያ ይሰላል። «ስኳር ገባ» በተባለ ቀን ሰፈሩ ዘንቢሉን ይዞ ይሰለፋል። ያንን ሰልፍ ዛሬ በምሬት ብቻ የሚያነሱት ብዙ ናቸው። እኔ ግን አንድ ነገር መመስከር ተገቢ ይመስለኛል፦ ጧሪ የሌላት አሮጊትና ደመወዝተኛው ጎረቤቷ ኪሎ ስኳር በእኩል ዋጋ የገዙበት ባንኮኒ በአገራችን የንግድ ታሪክ ብዙ ጊዜ አልታየም። «አየር በአየር» የሚባለው ነጋዴ በጓሮ በእጥፍ ሲሸጥ፣ ድሃው የሚተማመነው በዚያ ደብተር ነበር።

ይሁንና ከስኳሩ ጋር ለከተሜው በርካሽ ይታደል የነበረው እህል ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለብን። መልሱ ያለው እንደ ጫጫ ባለ አካባቢ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይጥል ነበር። ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ሲሆን ከነጻው ገበያ እጅግ ያነሰ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ደግሞ በጉን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ፣ ያንኑ እህል ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ይህ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የደረሰ ነው። በአውራ መንገዶች ላይ የቆሙት ኬላዎችም ነጋዴው እህሉን እንደልቡ እንዳያንቀሳቅስ ይጠብቁ ነበር። የከተማው ርካሽ ዋጋ የተከፈለው ከገበሬው ጎተራ ነው፤ በምትኩ ከማኅበሩ ሱቅ የሚያገኘው ጨውና ሳሙና ይህንን ዕዳ አይመልስም።

ለዚህም ነው ኅብረት ሱቅ የገበሬው የእህል ኮታ ሲነሳ አብሮ የወደቀው። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አውጆ የእህል ኮታውን አስቀረ፤ በጋራ ያርሱ የነበሩት የገበሬው የአምራች ማኅበራትም አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወቅት የብዙ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ሱቅ ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ የግል ነጋዴው ገበያውን ሞላው። የቀበሌው ሱቅ በአቅርቦትም በጥራትም መወዳደር አልቻለም፤ ዕቃ መርጦ መግዛትንም ሆነ ደንበኛ መሳብን የሚማርበት ዕድል አግኝቶ አያውቅም ነበርና።

በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት ፍላጎቱ ግን አልሞተም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል ብዙ ዕቃ ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ጣሪያው በወራት ውስጥ ለአብዛኛው ሸቀጥ ተነሳ። ስኳርና የፓልም ዘይት ግን በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል መከፋፈል ቀጠሉ። ሰልፉም አብሯቸው ተመለሰ።

የያኔዎቹ የሱቅ ሠራተኞች፣ የማኅበር ሊቃነ መናብርትና ገንዘብ ያዦች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። በሣጥን ውስጥ የቀረ የራሽን ደብተር፣ የኮታ ደረሰኝ ወይም የማኅበር መዝገብ ያላችሁ የጫጫና የአካባቢዋ ሰዎች እባካችሁ አትጣሉት። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተመራማሪዎችም እነዚህ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ሊቀዱላቸው ይገባል።