የራሷን ግጥም የያዘች ተዋናይት

በወገራና በዳባት ደጋ፣ በጎንደር ከተማም ጠላና ጠጅ ቤቶች፣ አዝማሪ ባልና ሚስት ለጨዋታ ሲቀርቡ የሥራው ክፍፍል ከጥንት የተወሰነ ነው። ማሲንቆው የወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ከጎኑ ቆማ ትዘፍናለች፣ ታሞግሳለች፣ ትሸነቁጣለችም። ስስታሙን ባለጸጋ በአንድ ስንኝ አስቃ እጁን የምታስፈታው እሷ ናት። ታዳሚው በወርቁ ሲንከተከት ባለጸጋው ገና ሰሙን ያጣጥማል።

ሆኖም ለዚህች ከያኒት ልማዱ አጥር አበጅቶላታል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበይ!» ብሎ ግጥም ሲወረውር፣ ያንኑ በዜማ መመለስ የሙያዋ ግዴታ ነው፤ ሙገሳውም ስድቡም የሌላ ሰው ነው። በቃሏ የምታድር ሴት ቃሏን በሙሉ ባለቤትነት አልያዘችም ማለት ነው። በዚያ ላይ የፊውዳሉ ሥርዓት ሳቁን ወስዶ አሳቂዋን ይንቅ ነበር፤ ጨዋታዋን የወደደ ጨዋ ሁሉ ለልጁ ሚስትነት አልተመኛትም።

ነገሩ ተራ ፌዝ እንዳልነበረ የጠላት ምስክርነት ይበቃል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍጅት በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎችም ተይዘው እንዲገደሉ ያዘዘው፣ ቃላቸው ሕዝቡን ለአመፅ ያነሣሣል ብሎ በመፍራቱ ነበር። ከዚያ በፊትም የአገሩ ቤተ መንግሥት ከዚህ ፍርሃት ነጻ አልነበረም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ባቀረቡት «ፋቡላ» የተሰኘ የአውሬዎች ኮሜዲ ውስጥ መኳንንቱ ራሳቸውን አዩ፤ ተውኔቱም ታገደ። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የተወለደው እንግዲህ በሳቅ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጣት የተቀበለውም በሳቅ ምክንያት ነው።

በዚህ አዲስ መድረክ ላይ ግን ሴት አልነበረችም። እናቲቱንም ሙሽሪቱንም ቀሚስ የለበሰ ወንድ ይጫወታቸው ነበር። (ተመልካቹ በዚህ ብዙ እንደሳቀ አያጠራጥርም፤ የተሳቀባት ግን ሴቲቱ ነበረች።) በአዚናራ ደሴት የእስራትን መከራ ያዩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከነጻነት በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ ማሠራታቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። ያም ቢሆን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ላለው የመድረክ ሙያ ገና በር አልከፈተም።

በሩን የገፋችው አስናቀች ወርቁ ናት። በ1945 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና በወጣትነቷ፣ «የፍቅር ጮራ» በተሰኘው ተውኔት በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ወጣች፤ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ተዋናይት እየተባለች የምትጠራውም በዚሁ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ በኋላም ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ቤት ለረጅም ዘመን የሥራ ቦታዋ ሆነ። አስናቀች የጎንደር ልጅ አይደለችም፤ የአዝማሪ ዘርም አልነበረችም። ነገር ግን ደገኛዪቱ አዝማሪ ያልያዘችውን ይዛ መጣች፤ መሣሪያውን ራሱን። በገናው ለመዝሙር የተከበረውን ያህል ክራር የአልባሌ ሰው ዕቃ ተብሎ ይናቅ በነበረበት ጊዜ፣ እሷ ክራሩን አቅፋ የሌላውን ስንኝ ሳትጠብቅ የራሷን ታወርድ ነበር።

በተውኔቱ ውስጥ የሌላ ደራሲ ቃል ትናገራለች፤ ክራሩን ስታነሣ ግን ደራሲም ተዋናይም ናት። ይህ ልዩነት በሳንሱር ዘመን ቀላል አልነበረም። የንጉሡም የደርግም መርማሪ የተውኔት ጽሑፍን አስቀድሞ ያነባል፤ በዕለቱ ለዕለቱ ታዳሚ የሚወለደውን ስንኝ ግን ከየት አግኝቶ ይሰርዘዋል? የጎንደሩ ፋሲለደስ የኪነት ቡድን የአገሩን የአዝማሪ ጨዋታ ይዞ በመድረክ በታወቀበት የአብዮት ዘመን፣ ግጥሙ አስቀድሞ ተጽፎ፣ ታይቶ፣ ተለማምዶ መቅረቡ ያስከፈለው ዋጋ ገና በሚገባ አልተመረመረም።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። «ኢትዮፒክስ» ከተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛው ጥራዝ ለእሷ የተሰጠ ነው። የሩቅ አገር አድማጭ በዚያ ክራሯንና ድምፅዋን ይሰማል፤ ሰሙን የሚረዳው በትርጉም ሲሆን፣ ወርቁን ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ከሌለ አያገኘውም።