«ዥረት»፦ ከሥርጭትና ከቅጂ ቀጥሎ ስለ መጣው ቃል

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ማግስት፥ ዘመድ ወዳጅ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሳለ፥ ወጣቶቹ አዲስ በተገዛው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ አንድ የቆየ የአማርኛ ድራማ ከፍተው ያሳዩን ጀመር። በመካከላችን የነበሩት አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፦ «ልጆቼ፥ ይህ ከጣቢያ የሚሰራጭ ነው ወይስ ቀድታችሁ ያስቀመጣችሁት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከልጆቹ አንዱ «ሁለቱም አይደለም እማማ፤ ስትሪም እያደረግነው ነው» ብሎ መለሰላቸው። እርሳቸውም ቃሉን ሁለት ጊዜ በአፋቸው አመላልሰው፥ ምንም የሚጨበጥ ነገር ስላላገኙበት ዝም አሉ። የእርሳቸው ዝምታ እኔን ብዙ ቀን አሳሰበኝ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

የአክስቴ ጥያቄ ስሕተት አልነበረበትም። በዘመናቸው በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየው ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነበረ፤ ወይ የሚሰራጭ ነው፥ ወይ የተቀዳ ነው። እነዚህ ሁለቱ ቃላት የነገሩን ጠባይ እንደ ምን ባለ ጥንቃቄ እንደ ያዙት አስቀድመን ካላየን፥ ለሦስተኛው የሚስማማ ስም ልናገኝለት አንችልምና፥ አንባቢዬ ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ሥርጭት የሚለው ቃል ከመርጨት ጋር ዝምድና አለው። በጥምቀት ዕለት ካህኑ የተባረከውን ውኃ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፥ ጠብታው ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፥ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ለተገኘው ሁሉ በአንድነት ይወርዳል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ግን ያንኑ ጠብታ መልሶ ሊያገኘው አይችልም። በ1957 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ምስሉን ወደ አየር የሚረጨው በዚህ ዓይነት ነበረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሳተላይት የሚረጨውን ቦታ ከከተማ ወደ አህጉር አሰፋው እንጂ የሥራውን ጠባይ አልለወጠውም፤ በየጣሪያው ላይ የተተከለው ዲሽ፥ ወደ ናይልሳትም ይዙር ወደ ኢትዮሳት፥ ከሰማይ የሚወርደውን ለመቀበል የተዘረጋ ሳሕን ነው።

ሁለተኛው ቃል ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ቀዳ ማለት፥ በግእዙ ቀድሐ፥ ከምንጭ ወይም ከጕድጓድ ውኃን በዕቃ ሞልቶ ወሰደ ማለት ነው፤ አንድም፥ ድምፅን ወይም ምስልን ከመጣበት ወስዶ በክር፥ በዲስክ፥ በፍላሽ አስቀረ ማለት ነው። ሳምራዊቷ ሴት ወደ ያዕቆብ ጕድጓድ እንስራዋን ይዛ የወረደችበት ግስና፥ የሠፈራችን ወጣት ሙዚቃ ለማስቀዳት ፍላሹን ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄድበት ግስ አንድ ነው። ይህን ትርጓሜ በጉባኤ ተቀምጦ የወሰነ ሊቅ መኖሩን አላውቅም፤ ይልቁንም ካሴት የሚባለው ዕቃ በእጁ የገባ ሕዝብ ነገሩን አይቶ፥ ይህ ዕቃ እንስራ ነው፥ ዘፈኑም ውኃው ነው ብሎ የፈረደ ይመስለኛል። ቅጂ የሚለው ስምም የዚሁ ግስ ልጅ ነው።

እንግዲህ አማርኛ ስለ ምስልና ስለ ድምፅ ሲናገር በውኃ ምሳሌ ሲናገር የኖረ ልሳን ነው። ስትሪም የተባለውም የእንግሊዝኛ ቃል በጥንተ ትርጓሜው የሚፈስስ ትንሽ ወንዝ ማለት ነውና፥ እንግዳው ቃል በሩን ያንኳኳው ዘመዶቹ ከሚኖሩበት ቤት ነው።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ፊልም በሩቅ አገር ባለ ትልቅ የኮምፒዩተር ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ተመልካቹ በቴሌቪዥኑ ላይ ሲመርጠው፥ ፊልሙ በሙሉ ተጭኖ አይመጣለትም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰከንድ ብቻ በሚሆኑ ቍራጮች ተከፋፍሎ፥ አንዱ ሲታይ ቀጣዩ እየደረሰ፥ የታየውም እየጠፋ፥ በኢንተርኔት መስመር እየፈሰሰ ይመጣል። እያንዳንዱ ቍራጭ ደግሞ በልዩ ልዩ የጥራት ደረጃ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ፥ መስመሩ ሲሰፋ ጥርት ያለው፥ ሲጠብብ ደብዘዝ ያለው ይላካል፤ በምሽት ምስሉ ድንገት ደፍርሶ ጥቂት ቆይቶ የሚጠራበት ምክንያት ይኸው ነው። መሣሪያው ጥቂት ሰከንዶችን ወይም ጥቂት ደቂቃዎችን አስቀድሞ የሚያጠራቅምበት ትንሽ ገንዳ አለው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር በየቤቱ የሚተከለውን ሮቶ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገንዳው ከሚሞላበት ፍጥነት ይልቅ የሚጐድልበት ሲበልጥ፥ በመስኮቱ መካከል ያች የምታሰለች ክብ መዞር ትጀምራለች።

ይህ ከሥርጭት የሚለየው፥ ለሁሉ በአንድ ሰዓት የማይረጭ፥ እያንዳንዱ ሰው በፈለገው ጊዜ ሄዶ ለራሱ የሚጠልፈው በመሆኑ ነው፤ ከቅጂም የሚለየው በእንስራ ገብቶ ስለማይቀር ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲቋቋም ፊልም የተቀዳበትን ዲስክ በፖስታ ቤት በኩል ለማከራየት ነበረ፤ በ2007 ግን ያንኑ ፊልም በኢንተርኔት ማፍሰስ ጀመረ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ነጋዴ እንስራ ከማከራየት አልፎ ቦይ ወደ መቅደድ ደረሰ ብንል ነገሩን በትክክል ተናገርን።

ስለ ስያሜው ሦስት አራት አሳብ ይቀርባል፤ ሁሉንም በቅን ልቡና መመርመር ይገባል። ወደ ግእዝ የሚያዘነብሉ ሰዎች ውሒዝ ይበሉት ይሆናል። ውሒዝ ፈሳሽ፥ ጐርፍ፥ ወንዝ ማለት ስለ ሆነ በትርጓሜው ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ወራሽ አጥቶ የቀረ ቃል ነውና፥ አክስቴን ከአንድ እንግዳ ቃል ወደ ሌላ እንግዳ ቃል ብወስዳቸው ምን ጠቀምኋቸው? ፈለግ የሚለው ደግሞ በግእዝ ወንዝ ማለት ሆኖ ሳለ፥ በአማርኛ የአባቶችን ፈለግ መከተል እንደምንለው ወደ ዱካነት ስለ ተዛወረ አንባቢን ያስታል። ፍሰት የሚለው ቃል ሕያው ነው፤ ይሁን እንጂ የገንዘብ ፍሰት፥ የተሽከርካሪ ፍሰት እየተባለ ሁሉን የሚሸከም አገልጋይ ስለ ሆነ፥ ለብቻው ሲጠራ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ግሱም ማፍሰስ ሲሆን ብክነትን ያሳስባል።

ዥረት ግን ገበሬውም የከተማው ልጅም የሚያውቀው፥ ባለ ዳርቻ፥ ምንጭና መድረሻ ያለው፥ ሳይቋረጥ የሚሄድ ውኃ ነው። አንዳንዱ ሰው ጅረት ብሎ ይጽፈዋል፤ በዚህ መጣላት አያስፈልግም። ደግሞስ እንዲህ ያለውን ምሳሌ መቀበል ለእኛ መጀመሪያችን አይደለም፤ በየቤታችን ግድግዳ ውስጥ የሚሄደውን ኃይል ኮረንቲ ያልነው ከጣልያኖች ወስደን ነው፥ ትርጓሜውም የሚሮጥ፥ የሚፈስስ ማለት ነው። ጆርጅ ስኳየር የተባለ አሜሪካዊ ጄኔራል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሙዚቃን በዚሁ በኮረንቲ ሽቦ ላይ አሳፍሮ በየቤቱ ለማድረስ እንደ ሠራ ሳስብ፥ የዛሬው ነገር ሥሩ ጥልቅ መሆኑ ይታየኛል።

ስለዚህ በዥረት ማየት፥ በዥረት ማዳመጥ፥ የዥረት መተግበሪያ፥ የዥረት አገልግሎት እንበል። ስማርት ቴሌቪዥን የተባለው መሣሪያም፥ ከሚረጨውም ከእንስራውም ሌላ፥ ዥረትን በገዛ እጁ መቀበል የሚችል ቴሌቪዥን ነው ብለን ብንፈታው ከሻጮቹ ብዙ ንግግር ይልቅ ይገልጠዋል።

ቃሉ ከተያዘ በኋላ ምርጫው ራሱ ቀላል ይሆናል፤ ውኃን የሚያውቅ ሰው ስለ ምንጩ፥ ስለ ቦዩና ስለ ዋጋው መጠየቅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃልና። ምንጩ ማለት መተግበሪያው ነው። የአማርኛ ዝግጅት፥ መዝሙርና ስብከት፥ የድሮ ድራማና አዲስ ቃለ መጠይቅ ለሚፈልግ ቤተ ሰብ የመጀመሪያው ምንጭ ዩቲዩብ ነው፤ ዋጋውም ማስታወቂያን መታገሥ ነው። ኔትፍሊክስን የመሰሉት ደግሞ በየወሩ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ከ130 ለሚበልጡ አገሮች በአንድ ቀን በሩን ሲከፍት ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ ነበረች፤ ይሁንና በአማርኛ የሚናገር ነገር በውስጡ የሚሻ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማውጫውን ይመልከት እላለሁ።

ቦዩ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። እያንዳንዱ ስማርት ቴሌቪዥን የራሱ ሥርዓተ ክወና አለው፤ ሳምሰንግ ታይዘንን፥ ኤልጂ ዌብኦኤስን ያኖራሉ፥ ሌሎች ብዙዎች ከጉግል የመጣውን አንድሮይድ ወይም ጉግል ቲቪ ይጭናሉ። ለአንዱ የተሠራ መተግበሪያ በሌላው ላይ አይሠራምና፥ ሰው ቴሌቪዥን ሲገዛ ስለ መስኮቱ ስፋት ብቻ ጠይቆ፥ የሚወደው መተግበሪያ በዚያ ሥርዓት መኖሩን ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ መሄዱ ያሳዝነኛል። ሥርዓቱ ያረጀበት ወይም ስማርት ያልሆነ ቴሌቪዥን ያለው ሰውም መጣል አይገባውም፤ በኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ገዝቶ ለአሮጌው ቤት አዲስ ቧንቧ ሊያስገባለት ይችላል። ስልኩ ላይ ያለውንም ምስል በገመድ አልባ መንገድ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ለዕለት እንጂ ለዘወትር አይመችም።

ዋጋውን በተመለከተ ለአገልግሎቱ ከሚከፈለው ሌላ የሚፈሰው ራሱ ይቈጠራል። ኔትፍሊክስ ጥርት ላለ ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት፥ 4ኬ ለሚባለው ለረቀቀው ደግሞ 15 ሜጋቢት የሚያደርስ መስመር እንዲኖር ይመክራል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ቢፈስስ በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም 4.5 ጊጋባይት ጠጣ ማለት ነው። ገደብ የሌለው የቤት ኢንተርኔት ያለው ይህን ሳያስበው ያድራል፤ በሞባይል ጥቅል ቴሌቪዥኑን የሚያጠጣ ሰው ግን ከመተግበሪያው ቅንብር ገብቶ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይገባዋል፤ በመካከለኛ መስኮት ላይ ዓይን ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው አንድ ነገር አለ። ዥረቱ ወደ ቤታችን ብቻ የሚፈስስ አይደለም፤ እኛ ምን እንዳየን፥ የት ላይ እንዳቆምን የሚናገር ሌላ ቀጭን ዥረት ከቤታችን ወደ ሩቅ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለ የቴሌቪዥን ሠሪ፥ የሰዎችን ምልከታ ፈቃዳቸውን ሳያገኝ ከ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ሰብስቧል ተብሎ በአሜሪካ ተከስሶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በአዲስ ቴሌቪዥን መክፈቻ ላይ ከሚቀርበው ረጅም የስምምነት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ምልከታ መከታተል የሚናገረውን ፈልጎ «አልስማማም» ማለት ይቻላል፤ በቤታችን ሽማግሌዎችና ሕፃናት ስላሉ ይህን የአምስት ደቂቃ ድካም ማንም አይናቀው።

ደግሞም ዥረት ንብረት አይሆንም። ዛሬ በአንድ መተግበሪያ ያየነው ፊልም ባለቤቱ ፈቃዱን ቢያነሣ ነገ ከዚያ አይገኝም። እናቱ የዘፈነችበት፥ አያቱ የተናገረበት ምስል ያለው ሰው በዥረት አይተማመን፤ ይቅዳው፥ በሁለት ዕቃም ያኑረው።

አንድ የቃል ጥያቄ ግን ሳይፈታ ቀርቶብኛል። የልደት ሌሊት ቅዳሴ በዩቲዩብ በቀጥታ ሲተላለፍ ሥርጭት እንበለው ወይስ ዥረት? ከአንድ ስፍራ ወጥቶ ለብዙዎች በአንድ ሰዓት መድረሱ ሥርጭት ያሰኘዋል፤ እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ጠልፎ መቀበሉ ደግሞ ዥረት ያደርገዋል። በዋሽንግተን ያለች እኅታችን ዲሽዋን እንደ ምን ብታዞረው ኢትዮሳት የሚገኝበት ሳተላይት ለዚያ አገር ከአድማስ በታች ስለ ሆነ ጠብታው አይደርሳትም፤ ቅዳሴውን ያደረሰላት ዥረቱ ነው። እኔ ለጊዜው ላኪው ሲናገር «ቀጥታ ሥርጭት» ማለቱን ይቀጥል፥ ተቀባዩ ሲናገር ግን «በዥረት አየሁት» ይበል ብዬ እፈርዳለሁ፤ የተሻለ አሳብ ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለኛል።

ለአክስቴ ነገሩን በዚህ አኳኋን፥ ከሥርጭትና ከመቅዳት ጀምሬ፥ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ነገርኋቸው። በሳምንቱ ስልክ ደወሉልኝ፤ የሚከታተሉት ድራማ መካከሉ ላይ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ጠፍቶባቸው ኖሮ፦ «ልጄ፥ ዥረቱ ደረቀብኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።