አስነጋሪ የሌለው የድርሰት ክፍል

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግጥምና ልብ ወለድ መጻፍ ይማሩ ሲባል ብዙ ሰው ነገሩን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ያደርገዋል። «የፈጠራ ጽሑፍ» የሚለው ስምም ቢሆን የትርጉም ሽታ አለው። እስቲ ግን ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። በዚህ አገር ዋና ሥራው ተማሪን ማስደረስ የሆነ ትምህርት ቤት ለዘመናት ኖሯል፤ ዛሬም አለ። ቅኔ ቤት ይባላል። ዜማ ቤት የገባ የተሰጠውን አጥንቶ ያዜማል፤ ቅኔ ቤት የገባ ግን ከራሱ አፍልቆ ካልተናገረ ተማረ አይባልም። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ለሌላ በዓል አይደገምም። ለነገው ሌላ መቁጠር ነው።

አሠራሩን ላላየ አንባቢ በጥቂቱ ልንገር። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ ይህ መሣሪያው ነው። ከዚያ መምህሩ ይዘርፋሉ። «ዘረፋ» ሲባል የሚደነግጥ ካለ አይደንግጥ፤ በቅኔ ቤት ቋንቋ መዝረፍ ማለት ጉባኤው ፊት አዲስ ቅኔ ማውጣት ነው። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ሰምቶ፣ ሰምና ወርቁን መርምሮ፣ ብቻውን ጫካ ጥግ ይዞ ይቆጥራል። የቆጠረውን መጥቶ ይነግራል፤ እዚያው ይታረማል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። እሷን ሳያበጅ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስማ ስንት ደበሎ ያልቃል!

መምህሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ። ያን ሁሉ ሰው እንዴት ይሰሙታል? ይህችን በተለይ የዛሬ አስተማሪዎች ልብ ብለው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። መልሱ አስነጋሪ ነው። አስነጋሪ ማለት በትምህርቱ ገፋ ያለ ተማሪ ነው፤ የጀማሪዎቹን ቅኔ እሱ ይሰማል፣ እሱ ያርማል። እያረመም ራሱ ይማራል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪዎቹ በሐና ሳሊብ የሚመሩ የግብፅ ቅብጦች ነበሩ። የተፈለገው ቋንቋ አዋቂ፣ አስተርጓሚና የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበረ በዚህ አንፈርድባቸውም። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። ጉባኤው ቀረና ደብተሩ መጣ። ድርሰት ማለት በአስተማሪና በተማሪ መካከል የሚመላለስ ወረቀት ሆነ። ርእሱ ከሰሌዳ ይገለበጣል፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ይባላል፤ ከሰነበተ በኋላ ቀይ በቀይ ሆኖ ይመለሳል። የታረመው ሆሄውና ነጥቡ ነው። ሐሳቡን ማንም አልሰማውም። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በዓመቱ መጀመሪያ አዳዲሶቹን «ከመካከላችሁ አስተማሪው ራሱ ድርሰት ሲጽፍ ያየ አለ?» እላቸው ነበር። እጅ የሚያወጣ አልነበረም።

ታዲያ ደራሲዎቻችን ከየት ወጡ? ብዙዎቹ ከክፍሉ ደጅ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ላይ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ጃንሆይ ባሉበት ታይቶለታል። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ድሃው ይናገራል»ን ይዞ የቆመው በኮሌጅ ቀን መድረክ ላይ ነው፤ የፈተና ወረቀት ላይ አይደለም። ሁለቱም ዘንድ ሰሚ አለ፤ ጉባኤ አለ።

አቤ ጉበኛ ደግሞ ሁለቱን ዓለም ያየ ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማረው አቤ በ1960ዎቹ አሜሪካ ሄዶ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የጸሐፍት ፕሮግራም ተካፍሏል። አዮዋ እ.ኤ.አ. በ1936 የጸሐፍት ዎርክሾፕ የተቋቋመበት፣ ከዚያ ወዲህ ለተከፈቱ ብዙ የፈጠራ ጽሑፍ ክፍሎች አብነት የሆነ ቦታ ነው። በዚያ ዎርክሾፕ ተማሪው ሥራውን ለጓደኞቹ ያቀርባል፤ እሱ ዝም ብሎ ይሰማል፣ እነሱ እየተነሡ ይተቹታል። አቤ ይህን አይቶ «ይሄማ የኛው ነገራ አይደለም ወይ?» ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

የኛው ሁለተኛ ደረጃ ግን በተቃራኒው ሄደ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይወርድ ነበር፤ እንግሊዝኛው ሳይቀር። ቴሌቪዥኑ ይጠይቅና ተማሪው እስክርቢቶውን ሳያነሣ ራሱ ይመልስ ነበር። ለአስተማሪው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈው ነበር። ብሔራዊ ፈተናውም ከተሰጡት አንዱን ምረጥ ነው። የራሱን አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ አሥራ ሁለተኛን የሚጨርስ ልጅ ቢኖር ምን ይገርማል? አሁን ደግሞ የቤት ሥራውን ድርሰት ስልኩ ይጽፍለታል።

እንግዲህ የድርሰት ክፍል ላሻሽል የሚል አስተማሪ ካለ የእኔ ምክር ይኸውና። በመጀመሪያው ወር ድርሰት አታስጽፍ፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ልጁ ጠዋት ሲመጣ ያየውን ነገር፣ አህያም ይሁን የታክሲ ወረፋ፣ ላይ ላዩን አንድ፣ ውስጡን ሌላ እንዲናገር አድርጎ ይጻፍ። እዚያው ተጽፎ እዚያው ይነገር፤ ስልኩም ዕድል አያገኝም። ሁለቱ ሲሰምርለት ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ ገጽ። አንተም ጻፍ፤ ሰሌዳው ላይ፣ እየሰረዝህ፣ እያዩህ። መዝረፍህ ነው። ስልሳ ተማሪ አለኝ ካልክ፣ በአርባ ደቂቃ አንድ በአንድ ብትሰማ ለአንዱ አንድ ደቂቃም አይደርሰውም። ከስልሳው አሥሩን አስነጋሪ ብትሰይም ግን ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጓደኛ ይደርሳቸዋል። በየወሩ አስነጋሪዎቹን ቀያይር፤ የሰነፉም ተራ ይድረስ። ማርክ ደግሞ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው መንፈቅ ይቆይ። ርእሰ መምህሩ ማርኩ የታል ቢሉህ በየሳምንቱ የተነገረውን ደብተር አሳያቸው።

ቅኔ ቤቱን እንዳለ እናምጣ አላልኩም። አርጩሜው እዚያው ይቅር። ሴት ልጅም በቅኔ ቤት ብርቅ ነበረች፤ ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እመይቴ ገላነሽ ሐዲስ እንደ ልዩ ነገር ሲነሡ የሚኖሩት ለዚሁ ነው። ቅኔ ቤት ዝርው ጽሑፍም አያስተምርም፤ የልብ ወለድ ሰዎች እንዴት ተነጋግረው ጠባያቸውን እንደሚያወጡ ከዚያ አይገኝም። ለዚህ ራሳቸው ቅኔ ተምረው ያደጉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለልን። አንዱን ምልልስ ሁለት ተማሪ ተነሥተው ያንብቡት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ያንኑ ጠብ በሰፈሩ አነጋገር ይጻፈው። የመሸታ ቤት ቋንቋ ገባበት ብሎ የሚቆጣ አስተማሪ ካለ ሌላ ትምህርት ያስተምር።

ስለ ቋንቋው የሚጠይቅ ይኖራል። ጉባኤ ቃና ስል ግዕዝ ማለቴ አይደለም፤ አጭርና ምሉዕ የሆነ፣ ተነግሮ የሚታረም ነገር ማለቴ ነው። አምቦ ያለው ክፍል በጌረርሳ ይጀምር፤ ሌላውም የአያቶቹን የቃል ግጥም ይዞ ይምጣ። ጸጋዬም ቢሆን አምቦ ላይ ብዕር ያነሣው አፋን ኦሮሞውንም አማርኛውንም ከቤት ይዞ ነው።