ተማሪው ራሱ የሚያዘጋጀው ዋና ትምህርት፤ አጭር ታሪካዊ ምርመራ

የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ባህልና ግንኙነት ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፣ የሚፈልገውን ዕውቀት በአንድ የትምህርት ክፍል ተሰብስቦ አያገኘውም። ቋንቋው በአንዱ፣ ታሪኩ በሌላው፣ ሃይማኖቱና ማኅበራዊ ኑሮው በሦስተኛው ይሰጣል። እነዚህን የሚያያይዘው ተማሪው ራሱ ነው ከተባለ፣ ነፃነቱ እስከ ምን ድረስ ሊሆን ይገባል? ይህን ጥያቄ የአሜሪካ ኮሌጆች በተግባር ስለ ሞከሩት፣ ታሪኩን ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1869 እስከ 1909 ዓ.ም. ሃርቫርድን የመሩት ቻርልስ ኤልየት፣ የግዴታ ትምህርቶችን እየቀነሱ ምርጫውን ለተማሪው ለቀቁ። በዚህም አዳዲስ የዕውቀት ዘርፎች ቦታ አገኙ፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች ከመግቢያ ትምህርቶች ሳያልፉ ይመረቁ ነበር። ተከታያቸው ሎዌል፣ ተማሪው አንድ ዘርፍ አጥልቆ እንዲይዝና ሌሎቹንም እንዲያዳርስ የሚያስገድድ ሥርዓት አቆሙ። ሥርዓቱ መበታተንን ከለከለ፤ በክፍሎች መካከል የሚወድቀው ጥያቄ ግን ቤት አጣ።

በ1960ዎቹ ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። በ1965 ዓ.ም. ኩዌከሮች በሎንግ አይላንድ በከፈቱት ፍሬንድስ ወርልድ፣ ተማሪዎች በተለያዩ አገሮች እየኖሩ ያዩትንና ያጠኑትን በማስታወሻ እየጻፉ ያቀርቡ ነበር። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አይራ ማጋዚነርና ኤልየት ማክስዌል የተባሉ ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ያዘጋጁት ጥናት መነሻ ሆኖ፣ መምህራኑ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት አጸደቁ። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የራሱን ዋና ትምህርት በጽሑፍ አቅዶ፣ መምህር አማካሪ ይዞ ማስፈቀድ ይችላል።

እንግዲህ በኤልየትና በብራውን መካከል ያለው ልዩነት የነፃነቱ መጠን ብቻ አይደለም። የኤልየት ተማሪ ትምህርቶቹን አንድ በአንድ ይመርጥ ነበር፤ የብራውኑ ግን አስቀድሞ ጥያቄውን መግለጽ፣ ትምህርቶቹም ስለምን አንድ ላይ እንደ ቆሙ ማስረዳት አለበት። በባህል ጥናት ይህ ግዴታ ይበልጥ ይጠብቃል። የሚጠናውን ሕዝብ ቋንቋ ያላካተተ ዕቅድ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከአገሮች ስም ዝርዝር አያልፍም።

ነፃነቱ ወጪም አለበት። ፍሬንድስ ወርልድ በገንዘብ ችግር ምክንያት በ1991 ዓ.ም. ከሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሕዷል። ስለዚህ ለተማሪው ምርጫን የሚፈቅድ ኮሌጅ፣ ዕቅዱን ከተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ የሚመረምር መምህርም አብሮ መመደብ ይገባዋል። ይህ ከሌለ ነፃነቱ ተማሪውን ብቻውን ከመተው አይለይም።