የሐኪሙ ወረቀት በማን እጅ ነው?

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመብኝ ነው። «መምህር፣ ወንድሜ ጎንደር ሕክምና ተምሮ የጨረሰ ነው፤ ካርቱም ላይ ለምን አያሠሩትም? ሌላ አገር ቢደርስስ?» የሚል። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ግን ጥያቄው ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቢሮ ሲገባ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ፈተናውን ነው። ፈተና ግን ይጠናል፣ ይታለፋል። ስደተኛ ሐኪም ደጅ ላይ የሚቀረው በወረቀት ነው፦ አንደኛው የትምህርት ማስረጃው፣ ሁለተኛው «ይህ ሰው በሙያው ጥፋት የለበትም» የሚለው ደብዳቤ። ሁለቱም የሚመጡት ጥሎት ከወጣው አገር ነው። በአገራችን ደግሞ ዋናው ዲግሪ የግዴታ አገልግሎት እስኪያልቅ ተይዞ የሚቆይበት አሠራር ስለነበረ፣ ሳያስበው የወጣ ሐኪም ብዙ ጊዜ የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ነው። እሱም መንገድ ላይ ካልጠፋ።

ከእኛ ሰዎች ዘመናዊ ሕክምና ተምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ነው። የጎንደር ልጅ ነው። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ሳለ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። በ1882 ላሆር ላይ በሕክምና ተመረቀ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያዘ፣ በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ሠራ። እንግሊዝ ሐኪሞቿን በአንድ መዝገብ የምታስገባበትን ሕግ ያወጣችው በ1858 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ምን ታውቃለህ?» ከሚለው ቀድሞ «ማን መሰከረልህ?» የሚለው ይጠየቅ ጀመር። ወርቅነህ ምስክር አላጣም፤ የወሰደው መንግሥት ራሱ መስካሪው ነበርና። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን ቻርለስ ማርቲን ነው፣ ያሳደጉት መኮንኖች ስም። በ1899 አዲስ አበባ ሲገባ ዘመዶቹ የለዩት በገላው ላይ ባለ ጠባሳ ነው ይባላል። (ስማችሁ በአማርኛ አንድ፣ በዓረብኛ ሌላ፣ በስደተኛ ካርዱ ላይ ሦስተኛ የሆነባችሁ ይህ ይገባችኋል። ዲግሪው የማን እንደሆነ የሚያጠራጥረው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው፤ ካርድ ስታሳድሱ አስተካክሉት።)

አሁን ወደ እንግሊዝ ልመልሳችሁ። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲይዝ ብዙ አይሁድ ሐኪሞች ሸሹ። እንግሊዝ ከኦስትሪያ ሐኪሞች እንዲገቡ የፈቀደችው ለ50 ብቻ ነበር፤ እነሱም እንደ ተማሪ ሁለት ዓመት እንደገና ሆስፒታል ውስጥ እንዲማሩ ተደረገ። የአገሩ ሐኪሞች ማኅበር እንጀራችንን ይሻሙናል ብሎ ይቃወም ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሐኪም ጠፋ። በ1941 እነዚያው ስደተኞች በጊዜያዊ ፈቃድ ሆስፒታል ገቡ፤ በ1947 ቋሚ መዝገብ የሚገቡበት ሕግ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ እውቀታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእንግሊዝ ችግር ነው። በኮሮና ጊዜም በ2020 የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ውጭ አገር ለተፈቀደላቸው ሐኪሞች ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥታለች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐምዳይት ላይ፣ ራሱ ተሰድዶ የመጣ የሑመራ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም በሱዳን ቀይ ጨረቃ ክሊኒክ ወገኑን ሲያክም ዓለም አይቷል።

ካርቱምን በተመለከተ አንድ ነገር እንወቅ። እዚህ የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1924 ነው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከ30 ዓመት በኋላ በ1954 ሲሆን፣ መጀመሪያ ያሠለጥን የነበረው ዶክተር ሳይሆን የጤና መኮንን ነበር። ስለዚህ «ጤና መኮንን ነኝ» ስትሉ ግራ ገብቷቸው ቢያዩዋችሁ ንቀት አይምሰላችሁ፤ ብዙ አገር እንዲህ የሚባል ሙያ የለም። ምን ምን ትሠሩ እንደነበር ዘርዝራችሁ ጻፉ። የሱዳን ሐኪሞችም ለእንግሊዝና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃድ ሲሰለፉ የኖሩ ናቸው፣ ሰልፉን ያውቁታል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 19 ስለ ሐኪምና መሰል ሙያዎች ይናገራል፤ ግን ዲግሪው በተቀባዩ አገር ዕውቅና ካገኘ ነው የሚለው። ብቻውን ሩቅ አያደርስም። አንቀጽ 25 ግን፣ ስደተኛ ከሸሸው መንግሥት ሊያገኘው የማይችለውን ሰነድ ያስጠለለው አገር ወይም ዓለም አቀፍ አካል እንዲሰጠው ወይም እንዲያሰጠው ያዛል፤ ሐሰት መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስም ይታመናል። ሱዳን ስምምነቱን የተቀበለችው በ1974 ነው። ያልተቀበለችው ስለ መዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን አንቀጽ 26ን ነው፤ ከካምፕ ወጣችሁ እየተባላችሁ የምትያዙት ለዚህ ነው። አንቀጽ 25ን ተቀብላዋለች።

እና ማመልከቻችሁን «ሥራ ስጡኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። «አገሬን ደብዳቤ መጠየቅ ለእኔም ለቤተሰቤም አደጋ ነው፤ በአንቀጽ 25 መሠረት ምትክ ማስረጃ ይሰጠኝ» በሉ። ለስደተኞች ኮሚሽንም ለዩኤንኤችሲአርም አስገቡ፣ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። ብዙ አገሮች ዛሬ ኮፒ አምነው አይቀበሉም፣ በቀጥታ ለተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ይጽፋሉ። ስለዚህ የመታወቂያ ቁጥራችሁንና የተመረቃችሁበትን ቀን ከአሁኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ የተማራችሁ፣ የት እንደተማራችሁና በስንት ዓመት እንደጨረሳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ማመልከቻውን በጋራ እናስገባለን። የዲግሪያችሁን ፎቶ ግን እዚህ አስተያየት ሥር እንዳትለጥፉ፣ አደራ።