«የት ነው የምታድሩት?»

ሪፈር ተጽፎለት የታመመ ልጁን ይዞ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ የገባ አባት፣ ከመናኸሪያ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ጥያቄ ይዘንብበታል። ካርድ አውጥተሃል? የጤና መድን ደብተርህ ታድሷል? የደም ምርመራው ውጤት የታለ? እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው መስኮትና ሰልፍ አላቸው። መስኮትም ሰልፍም የሌለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ ማታ የት ነው የምታድሩት?

ይህን የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ወይም ካርድ ክፍሉ ሳይሆን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አብሮት የተቀመጠ ሌላ አስታማሚ ነው። እሱ ከእሱ በፊት መጥቶ፣ ከተማውን ለምዶ፣ ርካሽ አልጋ የት እንዳለ፣ የትኛው በረንዳ ዝናብ እንደማያስገባ ያወቀ ሰው ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። የታመመ ልጅ ቤተሰብ የት ያድራል የሚለው ነገር የዘመድ አዝማድ ጉዳይ፣ ሲብስም የምጽዋት ጉዳይ ይመስለናል። ታሪኩን ስናየው ግን ሕክምናው ይሳካል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ሆስፒታልና ማደሪያ አንድ ነበሩ። ሆስፒታል፣ ሆቴልና ሆስቴል የሚሉት ቃላት የመጡት እንግዳንና እንግዳ ተቀባይን ከሚያመለክት አንድ የላቲን ሥር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያው ሊቀ ጳጳስ ባስልዮስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያላት ያው ባስልዮስ፣ ከከተማው ዳር ትልቅ የምሕረት መንደር አሠርቶ ነበር። በዚያ መንደር ድኻው ይመገባል፣ በሽተኛው ይታከማል፣ መንገደኛው ያድራል። ማደሪያውን ከሕክምናው የሚለይ አጥር አልነበረም።

እኛም አገር ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። ጠበል ቦታዎችን ተመልከቱ። እንጦጦም ይሁን ሌላ ቦታ፣ ሰው በሽተኛ ይዞ ለሱባዔ ሲሄድ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ በጠበሉ ዙሪያ ማደሪያ አለ፤ የአካባቢው ሰው ክፍል ያከራያል፣ አቅም ያጣውም የሚጠጋበት ጥግ አያጣም። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማረፊያውን ነው። መንገድ ላይ ለመሸበትም «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል በር ማንኳኪያ ነበረ። ማሳደር ውለታ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነበር።

ይህ ልማድ ግን ልክ አለው። የእግዜር እንግዳ ለአንድ ሌሊት ነው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ይሆናል የሚባለው በክፋት አይደለም፤ የሰው ጎተራ ማለቂያ ስላለው ነው። ልማዳችን የተሠራው ለሚነጋ ሌሊት ነው እንጂ ለሦስት ዓመት ሕመም አይደለም።

ዘመናዊው ሆስፒታል ሲመጣ አልጋውን ለበሽተኛው ብቻ አደረገው። በአውሮፓ ነገሩ የከረረ ነበር። ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የልጆች ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1852 በ10 አልጋ ሲከፈት ለድኻ ልጆች ታላቅ እፎይታ ነበር። በኋላ ግን ተላላፊ በሽታን በመፍራትና ሥርዓት በማስከበር ስም ወላጅ ከልጆች ክፍል እየተገፋ ወጣ። እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአንዳንድ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ወላጅ ልጁን ማየት የሚችለው በሳምንት አንድ ቀን ለጥቂት ሰዓት ነበር፤ ጭራሽ የማያስገቡም ነበሩ። ምክንያታቸው ልጁ እናቱን ሲያይ ያለቅሳል፣ ካላየ ግን «ይረጋጋል» የሚል ነበር።

ይህን የሰበረው አንድ ካሜራ ነው። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1952 ሆስፒታል የገባች የ2 ዓመት ልጅን ቀን በቀን ቀርጾ አሳየ። ዶክተሮቹ መረጋጋት ያሉት ነገር ተስፋ መቁረጥ እንደነበር ፊልሙን ያየ ሁሉ ተረዳ፤ ብዙ ሐኪሞች ግን መጀመሪያ ተቆጡ። በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲገቡ፣ እናቶችም ከልጆቻቸው ጋር የሚያድሩበት ቦታ እንዲዘጋጅ መከረ። ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ደግሞ ከ1961 ጀምሮ የተደራጁ እናቶች ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ ወተወቱ።

በእኛ ሆስፒታሎች ታሪኩ ተገልብጦ ነው የምናገኘው። እኛ እናትን ከልጇ አልጋ ለማባረር አቅሙም አልነበረንም። አስታማሚ ከሌለ ማን ያጥባል? ማን ያጎርሳል? በሌሊት ማዘዣ ወረቀት ይዞ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው ማን ነው? የሆስፒታሎቻችን ሥራ ዛሬም ድረስ ግማሹ በአስታማሚ ትከሻ ላይ ነው። ሆኖም ለዚህ ሠራተኛ ደሞዝም አልጋም አልተመደበለትም። እናት ከልጇ አልጋ ሥር ወለል ላይ ጋቢዋን አንጥፋ ታድራለች። ሁለተኛ ሰው ስለማይፈቀድ አባት ሲመሽ ይወጣል። ወዴት እንደሚወጣ የሚመዘግብ የለም።

ከባዱ ነገር የሚመጣው ግን ልጁ «ወጥቷል» ሲባል ነው። ይህን ለመረዳት የልጆች ካንሰርን፣ በተለይም በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የደም ካንሰር ማየት ይበቃል። ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ልጁ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ አይታከምም። ኬሞ ይወስዳል፣ ይወጣል፣ በቀጠሮው ይመለሳል፣ ደሙ ይታያል፣ ደሙ ካልተስተካከለ ቀጠሮው ይገፋል። በዚህ መሐል ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ ትኩሳት ቢነሣበት በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ልጁ እንዳይተኛ «ተመላላሽ» ነው፣ አገሩ እንዳይገባ ትኩሳቱ አይጠብቀውም። ታማሚም ጤነኛም ያልሆነበት፣ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ግን ከአጥሩ ርቆ መሄድ የማይችልበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ፍሬድ ሂል የተባለ የፊላደልፊያ ኢግልስ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች የ3 ዓመት ልጁ ኪም በደም ካንሰር ታመመችበት። እሱና ባለቤቱ ሆስፒታል ወንበር ላይ እያደሩ አስታመሟት፤ ዙሪያቸውም እንደነሱ ወንበር ላይ የሚያድሩ፣ ሆቴል መክፈል የማይችሉ ወላጆችን አዩ። በዚያው ከተማ የልጆች ሆስፒታል ኦድሪ ኢቫንስ የምትባል እንግሊዝ የተወለደች የካንሰር ሐኪም ነበረች። የኢቫንስ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ልጁን እያከምኩ ቤተሰቡ ከፈረሰ ያከምኩት ምኑን ነው? የፈለገችው ከሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ቤት ነበር።

የእግር ኳስ ቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጂሚ መሪ በአካባቢው ያሉትን የማክዶናልድስ ምግብ ቤቶች አነጋገረ፤ እነሱም አረንጓዴ ሼክ ሸጠው ገንዘቡን ሰጡ፤ በምላሹ ቤቱ የኩባንያውን ማስታወቂያ ገጸ ባሕርይ ስም ያዘ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1974 የመጀመሪያው ሮናልድ ማክዶናልድ ቤት በ7 መኝታ ክፍሎች ተከፈተ። ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ቤቶች በዓለም ዙሪያ ከ350 በላይ ናቸው። ሕፃኗ ኪም ከደም ካንሰሩ ድና አደገች፤ በሌላ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2011 ስትሞት 44 ዓመቷ ነበር።

በበርገር ሻጭ ስም የተጠራ የምሕረት ቤት ለብዙዎቻችን ጆሮ አይጥምም፤ ኩባንያውም ስሙን በነፃ አላዋሰም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ቤቱን ያስጀመሩት የታመመች ልጅ አባትና የልጆች ሐኪም ናቸው። የማደሪያ ጥያቄ ከሕክምናው ጋር አንድ መሆኑን ያዩት እነሱ ነበሩ።

በእኛም አገር መንገዱን የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የተባለ ሕፃን በደም ካንሰር ታሞ በ4 ዓመቱ አረፈ። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው አልተቀመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ድርጅቱ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም የሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያና ምግብ ማዘጋጀት ነው። ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስም በጥቁር አንበሳ ለሚታከሙ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማደሪያ ከፍቷል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ እንደነበር ስናስታውስ፣ እነዚህ ጥቂት አልጋዎች የስንት ክልል ሸክም እንደተሸከሙ መገመት አያዳግትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ባደጉት አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፤ በድኻና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ብዙ ቦታ ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ምክንያቶቹ ዘግይቶ መምጣት፣ የመድኃኒት እጥረት፣ የሐኪም ማነስ ናቸው። ከእነዚህ እኩል የሚጠራው ደግሞ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። በሙያው ቋንቋ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሕክምናው የቀረ ልጅ «አቋርጧል» ይባላል።

«አቋርጧል» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ቃሉ ጥፋተኛ ያደርጋል፤ ወላጁ የሰለቸ፣ ያልገባው፣ የተዘናጋ ያስመስለዋል። እስቲ የአባትየውን ሒሳብ እንሥራ። በሬው ተሸጧል። ቤት የቀሩትን ልጆች ጎረቤት ይዞለታል። ዘር የሚዘራበት ወር እያለፈ ነው። የጤና መድኑ የሸፈነለት ምርመራና መድኃኒት ነው፤ የአልጋ ኪራይ፣ የምግብና የአውቶቡስ ገንዘብ ከኪሱ ነው። ዘመድ ቤት የገባበት ወር ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሆኗል፤ ማንም ውጣ አላለውም፣ እሱ ግን ፊታቸውን ማየት አፍሯል። አንድ ማለዳ ልጁን አቅፎ መናኸሪያ ይሄዳል። መዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን የሚያድርበት አጥቷል ነው።

«ድኻ አገር ነን፣ መድኃኒት ሳይሟላ ማደሪያ ከየት ይምጣ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልስ ፍለጋ ፊላደልፊያ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጉራጌ ይበቃል። ከወልቂጤ ብዙ በማይርቀው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ቀላል ቤት ተሠራ። ሥራው ምጥ ሊከብዳቸው የሚችሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ከመድረሱ በፊት መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ መሆን ነው። ከ1987 እስከ 2008 የነበረው የ22 ዓመት መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ 18 ገደማ ሲሆኑ፣ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ግን 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው የመጡ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የአልጋው ነው አይባልም። ግን አልጋው የሚሠራው ይኸንኑ ነው፦ ሰው ሳይመሽበት በሐኪም ደጃፍ እንዲገኝ ማድረግ።

መንግሥት ይህን አይቶ የእናቶች ማቆያን በየጤና ጣቢያው አስፋፋ። ቤቱን ሠርቶ የሰጠ፣ እህልና ቅቤ ያዋጣ ማኅበረሰብም ጥቂት አይደለም። ማንም ያኔ «ማደሪያ የሕክምና ሥራ አይደለም» አላለም። ለነፍሰ ጡር የገባን ነገር ለታመመ ልጅ የማይገባን ለምንድን ነው?

የምጠይቀው የእምነበረድ ሕንፃ አይደለም። የልጆች የካንሰር፣ የልብና የኩላሊት ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ሲታቀድ አልጋው በሁለት ይቆጠር፤ የውስጡ አልጋና የአጥሩ ማዶ አልጋ። ሪፈር የሚጽፈው ሐኪም ከምርመራው ወረቀት ጋር የማረፊያ ቦታም መኖሩን አረጋግጦ ይላክ። ሕክምናው በጅማና በጎንደር እየተስፋፋ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ መንገዱን ያሳጥራል። ቢሆንም ከገጠር ቀበሌ ጎንደር ከተማም የእንግዳ አገር ነው። ወላጆች የከፈቷቸውን ቤቶች በተመለከተም ከማመስገን አልፈን የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን የሚጋራ በጀት ያስፈልጋቸዋል። እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ውጭ ያለው ወገናችንም ድርሻ አላቸው። ልጅ የቀበሩ ወላጆች ብቻቸውን የተሸከሙትን ነገር አንድ አገር መሸከም አያቅተውም።

እስከዚያው ግን ነገ ሆስፒታል በር ላይ ፌስታል የያዘ አባትና ሻሽ ያሰረ ልጅ ብታዩ፣ ካርድ ክፍሉ የማይጠይቃቸውን ጥያቄ እናንተ ጠይቋቸው።